በእንቅልፍ ሰዓት የተቀዳው ዘፈን

በዛብህ የሚንቃቸውን ሰዎች በስም ጻፍ ቢባል የአሰብን ሕዝብ ቆጠራ በአንድ ቀን ይጨርስ ነበር። የወደብ ሠራተኛውን ይንቃል፤ የከባድ መኪና ሾፌሩን ይንቃል፤ ካድሬውን ይንቃል፣ እሱን እንኳ በሆዱ ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥቶ ሙቀቱን የሚያማርረውን ይንቃል፤ ሙቀቱን ለምዶ ዝም ያለውን ደግሞ የበለጠ ይንቃል። በነዳጅ ማጣሪያው የመለኪያ መሣሪያ ቴክኒሻን ነው። ጊታር ይመታል። ከአራት ኪሎ ሲመጣ “ሁለት ዓመት ብቻ” ብሎ ነበር፤ ይኸው ስድስተኛውን ዓመት ያዘ፤ ሻንጣው ግን እስከ ዛሬ አልጋው ሥር እንደታሰረ ነው። ነገ የሚሄድ ሰው ልብሱን ቁም ሳጥን ውስጥ አይሰቅልማ!

ከሥራው ሁሉ አንጀቱን የሚያሳርረው ሰዓት ማስተካከል ነበር። የቢሮዎቹና የሠራተኞች ክበቡ የግድግዳ ሰዓቶች በመብራት የሚሠሩ ናቸው። የከተማው ጄኔሬተር ደግሞ አርጅቷል። ደገኛው ክረምት በሚለው፣ አሰብ ግን በምትነድበት በሐምሌና በነሐሴ፣ ሰው ሁሉ ከቀኑ በሰባት ሰዓት ሥራ አቁሞ ቤቱ ይገባል፤ መስኮቱን ይዘጋል፤ ኤርኮንዲሽኑን ይከፍታል፤ እስከ አሥር ሰዓት ይተኛል። ከተማው ሲተኛ ጄኔሬተሩ ያቃስታል፤ መብራቱ ይደክማል፤ መብራቱ ሲደክም ሰዓቶቹም እግራቸውን ይጎትታሉ። በሦስት ሰዓት እንቅልፍ አሥር ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይቀራሉ። ስለዚህ በዛብህ በየማለዳው ስልክ ቤት ይደውላል፤ ስልከኛዋ ትክክለኛውን ሰዓት ከአዲስ አበባ ተቀብላ ትነግረዋለች፤ እሱም ወንበር ተሸክሞ ከግድግዳ ግድግዳ ይዞራል።

“ሰዓት!” ይላታል። እንደምን አደርሽ የለ፣ ምን የለ።

“ሁለት ከአሥራ ሁለት፣ ጌታው” ትለዋለች።

ይቺ ስልከኛ የሻሽወርቅ ናት። በዛብህ ከሚንቃቸው ሁሉ ከፊተኛው ረድፍ ላይ ያለችው እሷ ናት፤ የባንዱ ዘፋኝም እሷው ናት።

ባንዱ የተጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። በዛብህ ከአንድ የፖላንድ መርከበኛ ቀይ ኤሌክትሪክ ጊታር በአንድ ከረጢት ቡናና በእጅ ሰዓቱ ለወጠ። (የከተማው ሰዓት አስተካካይ የእጅ ሰዓት የሌለው ሰው የሆነው እንዲህ ነው።) ጊታር ካለ አብሮ የሚጫወት ሰው ያስፈልጋል። መጀመሪያ የመጣው ክፍሌ ነው፤ የወደቡ ክሬን ነጂ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ሰው፤ ቤዝ ጊታር ተሰጠው። “ክፍሌ ቤዝ ይይዛል እንጂ ይመታል አይባልም” ይላል በዛብህ። ቀጥሎ ሣህሉ መጣ። ሣህሉ ከአርባ ያለፈ በያጅ ነው፤ ከበሮዎቹን ከዘይት በርሜል፣ ጸናጽሉን ከላሜራ፣ የማይክራፎኑን ማቆሚያ ከውኃ ቧንቧ ሠርቶ አቆመው። የባሕሩ ጨው የጊታሩን ክር በወር በወር እየበላ ሲያስቸግር፣ ከልምምድ በኋላ እያንዳንዱን ክር በናፍጣ በራሰ ጨርቅ አሽቶ የሚያሳድረው እሱ ነው። ሰው ሁሉ ጋሽ ሣህሉ ይለዋል። በዛብህ ግን “ሣህሉ” ነው የሚለው፤ ሲቸኩል ደግሞ “አንተ በያጅ”።

የመጀመሪያው ሠርግ ላይ ሙሽራው ራሱ ከመቀመጫው ተነሥቶ “በእናታችሁ፣ ትንሽ አረፍ በሉ” ብሎ ለመናቸው። እስኪነጋም አረፉ። በሁለተኛው ዓመት ግን ነገሩ መልክ ያዘ። ክበቡ በከተማው እንቅልፍ ሰዓት ባዶ ስለሚሆን አዳራሹን ለልምምድ ለመኑና ተፈቀደላቸው፤ ስማቸውንም ከዚያው አገኙ፤ ሰባት ሰዓት ባንድ። በዛብህ የፈረንጅ ስም ፈልጎ ነበር፤ ሦስት ቀን አኩርፎ ተወው። ካድሬው ኪነት ቡድኑ ውስጥ ግቡ፣ ካኪ ይሰፋላችኋል፣ መሣሪያም ይሰጣችኋል ብሎ ሲጋብዛቸው ክፍሌ ወገቤን ያመኛል አለ፤ ሣህሉ ልጆቼን ማን ያያል አለ፤ በዛብህ ደግሞ የሥራ ፈረቃ አመካኘ፤ እውነቱ ግን መሪ ቃል በጊታር አላጅብም ነው። ለዚህች እንኳ ይመስገን። እንዲህ ሆኖ ባንዱ ባለቤት የሌለው ባንድ ሆነ። የሚያለብሰው የለ፤ የሚያሳትመው የለ። ሁለት ካሴት ቀድተው በከባድ መኪና ሾፌሮች እጅ አዲስ አበባ ለሙዚቃ ቤቶች ልከው ነበር፤ “ደርሶናል” የሚል እንኳ አልተገኘም።

የሻሽወርቅን ያመጣት ክፍሌ ነው፤ ስልክ ቤት ወረፋ ሲጠብቅ ለራሷ ስታንጎራጉር ሰምቷት። ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ ከጉሮሮ ሳይሆን ከደረት የሚወጣ፤ ሳይቸኩል የሚሄድ። የመጀመሪያውን ዘፈን ስትጨርስ ሣህሉ ዓይኑን ጠረገ፤ በዛብህ ግን ወደ ክፍሌ ዞሮ፣ “ዘፋኝ አምጣ ብልህ በርሜል አመጣህልኝ? በርሜልማ ሣህሉ መች አነሰው!” አለ። የሻሽወርቅ ሰማች። የምትናገረው አልጠፋትም፤ ግን ዘፈኑን ትወድ ነበርና ዋጠችው። ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለውን ስትውጥ ኖረች። ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹ እሷን ሊሰማ በሚመጣ ሰው መሙላት ጀመረ፤ መሐንዲሱ፣ መርከበኛው፣ ሾፌሩ፣ ከባሕር ዳሯ ከተማ ከዒድ ዓሣ ይዞ የወረደው ነጋዴ ሳይቀር። በዛብህ ይህን ሁሉ ሕዝብ የሳበው ጊታሬ ነው ብሎ በሙሉ ልቡ ያምን ነበር።

በሰባ አምስት ሐምሌ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ለመቅዳት ወሰኑ። በዚህ ጊዜ በካሴት ሳይሆን በክበቡ ትልቅ ባለመንኮራኩር ቴፕ፣ ጥርት ባለ ድምፅ። ዘፈኑ የሻሽወርቅ ራሷ የጻፈችው ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው መስመር ስታገናኝ የምትውል ሴት የምትጽፈው ዓይነት፦

ደወልኩኝ ደወልኩኝ መስመሩ ተይዟል፤
ቅርብ ያልኩት ያ ድምፅህ ከጆሮዬ ርቋል።

“ቀረጻውን እኔ ነኝ የምመራው” አለ በዛብህ። “ከመካከላችሁ ሽቦ ከሽቦ የሚለይ አለ?”

ቀረጻው በስምንት ሰዓት እንዲሆን ቆረጠ፤ ከተማው ተኝቶ፣ መኪና ሳይጮህ፣ ልጅ ሳይንጫጫ። ሣህሉ ራሱን አከክ አከክ አደረገና፣ “በዚህ ሰዓት እኮ መብራቱ ጉልበት የለውም፤ ብየዳዬ እንኳ አይዝልኝም። እሑድ ማለዳ ብናደርገውስ?” አለ።

“ሣህሉ፣ አንተ በርህንና መስኮትህን በይድ። ይሄ ሙዚቃ ነው።”

ሣህሉ በርሜሎቹን ደረደረ። ቀዱት። እዚያው በዚያው፣ ላባቸው ሳይደርቅ መልሰው ሰሙት፤ አንድ እንከን የለውም። በማግሥቱ መርሻ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ቴፑን ሙቀት እንዳያገኘው በፎጣ ጠቅልሎ ከመቀመጫው ኋላ አስቀምጦ ወደ አዲስ አበባ ነዳ። ሲሰናበት፣ “አላህ ያቅናላችሁ፤ የልጅቷ ዘፈን ከሆነ ይወጣል” አለ። “ሾፌርም ስለ ሙዚቃ አስተያየት ይሰጣል!” አለ በዛብህ፣ መኪናው ገና ከዓይን ሳይርቅ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት የሻሽወርቅ ከአዲስ አበባ የመጣ መስመር ለበዛብህ አገናኘች። ደዋዩ አቶ ደስታው የሚባሉ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ነበሩ፤ ሃያ ዓመት ሸክላና ካሴት የነገዱ ሰው።

“የልጅቷ ድምፅ ገደለኝ! የክራር ክር ነው! የጊታሩም ልጅ ጣቱ ይሮጣል፤ እሳት ነው” አሉ። “ቅዳሜ በአውሮፕላን መጣሁ። በዓይኔ ካየኋችሁ እዚያው እንፈራረማለን።”

በዛብህ ስልኩን ሲዘጋ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ለባልደረቦቹ “ጊታሩ እሳት ነው ብለዋል፤ ቅዳሜ ይመጣሉ” ብሎ ነገራቸው። ስለ ልጅቷ የተባለውን ግን ረሳው። ረሳሁት ነው የሚለው። በዚያው ቀን ከአልጋው ሥር ሻንጣውን ስቦ አቧራውን ጠረገለት። አሁን በእርግጥ የሚሄድ መሰለው። ካልሄደ የሚሆነውንም ያውቀዋል፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ወንበር ተሸክሞ ሰዓት ሲያሽከረክር መኖር ነው። ይህን ሲያስብ እውነተኛ ፍርሃት ይይዘው ነበር፤ ሰው ነውና።

ቅዳሜ አቶ ደስታው ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ መጡ፤ ከረቫት አስረው! በረፋዱ ሙቀት ውስጥ ከረቫቱ አንገታቸው ላይ እንደ እርጥብ ፎጣ ተለጥፏል። በዛብህ እዚያው ናቃቸው፤ ሻንጣቸውን ግን ተቀበላቸው። ማታ አዳራሹ ለውይይት ክበብ ስለተያዘ ባንዱ በስምንት ሰዓት እንዲጫወት ሆነ። ከተማው ተኝቷል። አቶ ደስታው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ባንዱ በሦስት ዓመት ዕድሜው እንደዚያን ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ክፍሌ ፈገግታውን ትቶ ተጫወተ። ሣህሉ በርሜሎቹን እንደ ሕፃን እየዳሰሰ መታ። የሻሽወርቅ ዓይኗን ጨፍና፣ ከደረቷ፣ ሳትቸኩል ዘፈነች። በዛብህ ራሱ፣ መናቅ ለተወሰነ ደቂቃ ተረስቶት፣ ጥሩ ተጫወተ። ሲጨርሱ አቶ ደስታው በመሀረብ ግንባራቸውን ጠረጉና ወደ በሩ አዩ።

“ጥሩ ነው ልጆች። እንግዲህ ዋናዋን ልጅ ጥሩልኝ።”

“የቷን?” አለ ክፍሌ።

“በቴፑ ላይ ያለችውን ነዋ!”

“እኔ ነኝ” አለች የሻሽወርቅ።

አቶ ደስታው ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ሕፃን ሲዋሽ የሚሳቅ ሳቅ ነው። “አንቺ ልጅ፣ እኔ ሃያ ዓመት ድምፅ ሸጥኩ። ያቺ ክራር ናት። አንቺ በገና ነሽ። አንድ ናቸው ልትይኝ ነው?” ወደ በዛብህም ዞሩ። “የጊታሩም ልጅ አንተ አይደለህም። የዚያኛው ጣት ይሮጣል፤ አንተ ከእንቅልፍህ የተቀሰቀስክ ነው የምትመስለው። ሰው ለዚህ በአውሮፕላን ታስመጣላችሁ?”

በዛብህ የሰማውን ማመን አቃተው። ሰው በተለያየ ቀን በተለያየ ሁኔታ ይዘፍናል ማለት ይችል ነበር። ይህቺው ናት፣ በጆሮዬ ምስክር ነኝ ማለት ይችል ነበር፤ ሦስት ሰው ይመሰክርለት ነበር። ግን ሰውየው አንዴ ወስኗል፤ ልጅቷን አይፈልጋትም። በዛብህ የሻንጣውን ጠፍር አሰበ። ቀጭን ድምፅ ያላት ልጅ አዲስ አበባ መች ጠፋች፤ ዘፈኑን ታጠናዋለች፤ አለቀ። ከምትሰጥም መርከብ የራሱን ጊታር ብቻ ይዞ ሊዘል ወሰነ።

“ጊታሩ የእኔ ነው” አለ፤ ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። “ዛሬ ጣቴን አሞኝ ነው። በልጅቷ ግን ልክ ነዎት። ያቺ ሌላ ልጅ ነበረች፤ አገሯ ገብታለች። ይቺን ለጊዜው ነው ያስገባናት። ያቺን ፈልጌ አዲስ አበባ ድረስ አመጣልዎታለሁ።”

“በዛብህ!” አለ ሣህሉ። የከበሮ ዱላው ከእጁ ወደቀ።

የሻሽወርቅ ማይክራፎኑን እንደያዘች ቆማ በዛብህን አየችው። ዓመት ሙሉ ከዋጠችው ሁሉ ይሄኛው አልወረደላትም።

አቶ ደስታው የልባቸው ደረሰ። “አላልኳችሁም?” አሉ። ከቦርሳቸው ቴፑን አወጡ። “ና፣ ይሄን ክፈተው። ይቺም ልጅ የዘፋኝ ድምፅ ምን እንደሚመስል ሰምታ ትማርበት።”

በዛብህ ቴፑን ማሽኑ ላይ አጠለቀው፤ በገዛ እጁ። መንኮራኩሮቹ መዞር ጀመሩ። ጊታሩ ገባ፤ ረጋ ብሎ፣ ሳይሮጥ። ቀጥሎ ድምፅ መጣ፤ ወፍራም፣ ከደረት የሚወጣ፣ የማይቸኩል። ደወልኩኝ ደወልኩኝ።

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሻሽወርቅን አየ።

አቶ ደስታው ተነሥተው ማሽኑን ዞሩት፤ ጆሮአቸውን አስጠጉት፤ ተመለሱ። “ይሄ አይደለም! ቴፑን ቀየራችሁብኝ እንዴ? ከቦርሳዬ ሳይወጣ?”

“አልተቀየረም” አለች የሻሽወርቅ። ድምፅዋ በየማለዳው ሰዓት እንደምትነግርበት ድምፅ የረጋ ነበር። “ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ይዩልኝ። ከዚያ የእጅዎን ይዩ።”

አዩ። “የእናንተው አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ነው።”

“ጠዋት ትክክል ነበር፤ እኔ ነኝ የነገርኩት። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ከተማው በሙሉ ኤርኮንዲሽን ከፍቶ ሲተኛ መብራቱ ይደክማል። ሰዓቱም ቴፑም የሚዞሩት በመብራቱ ምት ነው፤ እሱ ሲዘገይ ይዘገያሉ። እኛ በዚህ ሰዓት ቀዳን፤ ቴፑ እየተጎተተ ያዘው። እርስዎ አዲስ አበባ ጉልበት ባለው መብራት ሲከፍቱት ሮጠ፤ ድምፄም ቀጠነ። እነሆ ወደ ተቀዳበት ሰዓት ሲመለስ እኔው ነኝ።” ትንፋሽ ወሰደች። “አሁን ሲዘፍን ሰምቼ ነው የገባኝ። እኔ ስልከኛ ነኝ። ይሄን ቀድሞ ማወቅ የነበረበት ሌላ ሰው ነው።”

“ማነው?” አሉ አቶ ደስታው።

ሣህሉ ነው የመለሰው። “ሰዓቶቹን በየቀኑ ወንበር ላይ ወጥቶ የሚያስተካክለው ቴክኒሻናችን። እሱ።” በጣቱም አሳየ። ክፍሌ ሊስቅ ጀምሮ አፉን በእጁ ከደነ።

በዛብህ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ስድስት ዓመት እነዚያን ሰዓቶች ወደፊት ሲገፋ ኖሮ፣ የሚጎትታቸው ነገር የገዛ ቴፑንም እንደሚጎትተው አንድ ቀን አላሰበም። በያጁ አስቦ ነበር። እሳት የተባለው ጣትም የእሱ አልነበረም፤ የአዲስ አበባ መብራት ነው የሮጠለት።

ዘፈኑ አላለቀም ነበር፤ ማንም ማሽኑን ያጠፋው የለም። አቶ ደስታው የሚናገሩትን ትተው ያዳምጡ ጀመር። ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከረቫታቸውን ፈቱ። ሲያልቅ “መልሰው” አሉ። እንደገና ሰሙት፤ አንገታቸውን ደፍተው። ነጋዴ ናቸው፤ ቢሆንም ከሃያ ዓመት ድምፅ መሸጥ የተረፈ ትንሽ ጆሮ አላቸው።

“ሱቄ ውስጥ ስሰማው ያስጨፍር ነበር” አሉ በመጨረሻ። “እዚህ ግን ሆድ ይበላል። እንደዚሁ ሳይሮጥ ይውጣ። አዲስ አበባ መጥታችሁ እንደገና ትቀዱታላችሁ።” ከቦርሳቸው የውል ወረቀት አወጡ። “ፈርሚ፣ ልጄ። ይቅርታ አድርጊልኝ።”

የሻሽወርቅ ፈረመች። ክፍሌ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ፈረመ። ሣህሉ ስሙን በትላልቅ ፊደል ቀስ ብሎ ጻፈ። አቶ ደስታው ወረቀቱን ይዘው በዛብህን አዩት፤ ቀጥሎም የሻሽወርቅን፤ የባንዱ ባለቤት አሁን እሷ እንደሆነች ገብቷቸዋል።

“የጊታሩስ ልጅ?”

በዛብህ ጊታሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ አንድ እርምጃ ወደ ጠረጴዛው መጥቶ ነበር። ዓይኑ ይለምናል፤ አፉ ግን እንዲህ ላለው ነገር ልምድ የለውም። የሻሽወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ እስከ ታች፣ እሱ ሰውን በሚያይበት አስተያየት አየችው።

“በቴፑ ላይ ያለው?” አለች። “እሱ ሌላ ልጅ ነበር። አገሩ ገብቷል።”

ክፍሌ መሬት መሬት አየ። ሣህሉም የሚያርማት ቃል አላወጣም። አቶ ደስታው “ጊታር መቺ አዲስ አበባ ሞልቷል” ብለው ወረቀቱን አጠፉና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ አራቱም ስለ ጉዞው ቀን እየተነጋገሩ ወጡ።

በዛብህ አዳራሹ ውስጥ ብቻውን ቀረ። ኤርኮንዲሽኖቹ ያጉረመርማሉ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሁን ስድስት ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቷል። ጊታሩን አውርዶ መሬት ላይ አጋደመው፤ ወንበር ሳበ፤ ወጥቶም ሰዓቱን በግምት ወደፊት ገፋው። ትክክለኛውን የምትነግረው ሴት ወጥታለች።